የፀሐይ ነቁጥና የጎጃም ክረምት

በ2017 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን፥ በደብረ ኤልያስ ወረዳ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቁመው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«መምህር፥ የልጅ ልጄ ከከተማ መጥቶ ‹ፀሐይ በ11 ዓመት አንድ ጊዜ ትፈላለች፤ ዘንድሮ የፈላችበት ዓመት ነው› ብሎ ነገረኝ። በገበያም ‹ፀሐይ የፈላች እንደ ሆነ ክረምቱ ይነጥፋልና ከብት ያለው ከወዲሁ ይሽጥ› እየተባለ ይወራል። እኔ ያሉኝ ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው። አንዱን ልሽጠው ወይስ ልያዘው? እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመኑንም ትምህርት ስለ ተማሩ ይንገሩኝ።»

ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከሁለት በሬዎች አንዱ የተሸጠ እንደ ሆነ ጥማዱ ይፈርሳል፤ ጥማዱ የፈረሰበት ገበሬም ወይ ከጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ መግባት፥ ወይም መሬቱን ለሌላ በእኩል መስጠት ግድ ይሆንበታል። ዝናቡ በመልካም ሲወርድ በወሬ ምክንያት በሬውን የሸጠ ሰው፥ በጥቅምት የጎረቤቱን ጤፍ ሲመለከት የሚሰማውን ጸጸት በባላገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ድርቁ እውነት ሆኖ ቢመጣ ደግሞ፥ መኖ አጥቶ የከሳ በሬ በገበያ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሽማግሌውን «እስከሚመጣው እሑድ ይታገሡኝ» ብዬ፥ ሳምንቱን መጻሕፍት ስመረምር ሰነበትሁ። ያገኘሁትንም ለመጽሔታችን አንባቢዎች እነሆ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቈጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት አድርጌበታለሁ።

በመጀመሪያ፥ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አንባቢዎች ሊሳሳቱበት የሚችሉትን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ የሚባል 28 ዓመት አለ። ይህ ግን 7ቱ ዕለታት በ4ቱ ወንጌላውያን ተባዝተው የሚሰጡት ቍጥር ነው፤ ዕለትና ቀን ከ28 ዓመት በኋላ ተመልሰው ይገጥማሉ ማለት እንጂ፥ ፀሐይ ራሷ በ28 ዓመት ትግላለች ወይም ትበርዳለች ማለት አይደለም። ባላገሩ «ዘመኑ የእገሌ ወንጌላዊ ነውና ዝናቡ እንዲህ ይሆናል» እያለ የሚገምትበት ልማድም ከዚሁ ጋራ የሚታይ ነው። ሊቃውንቱ ባሕረ ሐሳብን ያዘጋጁት በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት ነውና፥ ያልተሠራበትን ሥራ ብንጭንበት ጥፋቱ የእኛ ነው። የልጅ ልጁ የሰማው 11 ዓመት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። እርሱ የተገኘው በቀመር ሳይሆን ፀሐይን በየቀኑ በመመልከት ነው።

ይህን የተመለከተው ሰው ሳሙኤል ሃይንሪሽ ሽቫቤ ይባላል፤ ደሳው በምትባል የጀርመን ከተማ ይኖር የነበረ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በ1826 እ.ኤ.አ. ፀሐይን መመልከት ሲጀምር የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ዐጣርድ ከምትባለው ፕላኔት ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች አንዲት ያልታወቀች ፕላኔት ትኖር ይሆናል ብሎ፥ በፀሐይ ፊት ስታልፍ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታየኝ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው የተነሣው። ነገር ግን በፀሐይ ላይ አስቀድሞም ሌሎች ጥቁር ነጥቦች አሉ። ገሊልዮና በዘመኑ የነበሩ ሌሎች ሊቃውንት፥ ቴሌስኮፕ የሚባለው የሩቅ ማያ መነጽር እንደ ወጣ፥ በ1600ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አይተዋቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ነቁጥ እንላቸዋለን። ሽቫቤ ፕላኔቲቱን ከነቁጦቹ ለመለየት ሲል፥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሁሉ ነቁጦቹን እየቈጠረ ጻፈ። ለዚሁ ሥራ ሲልም የመድኃኒት ቤቱን ሸጠ። ፕላኔቲቱ አልተገኘችም፤ የለችምና። ነገር ግን ከ17 ዓመት በኋላ መዝገቡን ቢያገላብጥ፥ ነቁጦቹ በ10 ዓመት ገደማ እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አገኘ። በኋላም የስዊዘርላንዱ ሩዶልፍ ቮልፍ የቀደሙትን ሰዎች መዝገብ ሁሉ ሰብስቦ፥ ዙሩ በአማካይ 11 ዓመት መሆኑን አረጋገጠ። «በአማካይ» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ አንዱ ዙር 9 ዓመት፥ ሌላው 13 ዓመት ሊሆን ይችላልና፥ እንደ ባሕረ ሐሳብ ተቀምሮ የሚወጣ አይደለም።

(ልጆች ይህን አንብበው ፀሐይን በባዶ ዓይን ወይም በመነጽር ለማየት እንዳይሞክሩ ወላጆች ይጠንቀቁ። የዓይን ብሌን በጥቂት ቅጽበት ይቃጠላል፤ ሲቃጠልም ሕመሙ አይሰማም።)

ነቁጥ ማለት በፀሐይ ፊት ላይ የማግኔት ኃይል በርትቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ላይ እንዳይወጣ ያገደበት ስፍራ ነው። የማግኔቱን ነገር የደረሰበት አሜሪካዊው ጆርጅ ኤለሪ ሄል ነው፤ ጊዜውም 1908 እ.ኤ.አ. ነበር። የፀሐይ ፊት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፥ ነቁጡ ከዚያ በ1,500 ወይም በ2,000 ዲግሪ ያነሰ ነው። ጥቁር የሚመስለንም በጎኑ ካለው ብርሃን ጋራ ስለምናስተያየው እንጂ፥ ለብቻው በሰማይ ላይ ቢታይ ዓይን ያጥበረብር ነበር። ከነቁጦቹ አንዳንዱ ምድራችንን ሙሉ በሙሉ ይውጣል።

እንግዲህ አንባቢው «ነቁጥ ከበዛ ፀሐይ ትበርዳለች ማለት ነዋ» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነቁጥ በሚበዛበት ጊዜ በዙሪያው ነጫጭና ብሩህ ሐረጎች አብረው ይበዛሉ፤ እነዚህ የሚጨምሩት ብርሃን ነቁጡ ከሚቀንሰው ስለሚበልጥ፥ ፀሐይ በነቁጧ ብዛት ዘመን በጥቂቱ ትደምቃለች። በምን ያህል? ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ሲለካ፥ ከአየራችን በላይ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል 1,361 ዋት ያህል ነው። በከፍታውና በዝቅታው ዘመን መካከል ያለው ልዩነት 1 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ይህም 1,000 ፍልጥ በሚነድበት ምድጃ ላይ አንድ ፍልጥ እንደ መጨመር ያለ ነው። የምድርም አማካይ ሙቀት ከዚህ የተነሣ ከፍና ዝቅ የሚለው በ0.1 ዲግሪ ገደማ ነው።

ይህን ብቻ ሰምቶ «ስለዚህ ፀሐይ ምንም አታደርግም» ማለትም ስሕተት ነው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር፥ ከሚታየው ብርሃን ይልቅ በብዙ እጥፍ ይለዋወጣል። ይህ ጨረር በላይኛው አየር ያለውን ኦዞን የሚባል ጋዝ ስለሚያሞቅ የዚያን ከፍታ ነፋሳት በጥቂቱ ያዛውራል፤ የላይኛው ነፋስም የታችኛውን እንደሚነካ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን የማግኔቱ ነገር ነው። አዲስ አበባ የምድር የማግኔት ወገብ በአጠገቧ ስለሚያልፍ፥ የፀሐይን ቍጣ ለመመልከት የተመቸች ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፥ ማለት በ1950 ዓ.ም. ገደማ፥ ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዌን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው፥ የማግኔት መለኪያው መጻፍ ጀመረ። በእኛም አውራጃ አጠገብ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፥ ስሙ እንደ ቅኔው ቤት ዋሸራ የተባለ የሕዋ ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለ። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ20 ዓመት ወዲህ ያልታየ ብርቱ የማግኔት ማዕበል ከፀሐይ ወደ ምድር ሲደርስ፥ በብዙ አገር ሰማዩ በሌሊት ቀልቶ ታየ። ይሁንና ያ ማዕበል ሬዲዮንና ሳተላይትን ያውካል እንጂ ደመናን አያባርርም። የልጅ ልጁ «ፈላች» ብሎ የሰማው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ዝናቡ እንመለስ። በጥንት ዘመን የፀሐይ ዙር በአባይ ውሃ ላይ ምልክት አልተወ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ፥ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው መዝገብ አለ። በካይሮ በሮዳ ደሴት የናይልን ከፍታ የሚለካ ዓምድ ቆሞ፥ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 1470 እ.ኤ.አ. ድረስ የእያንዳንዱ ዓመት ከፍታና ዝቅታ ያለ ብዙ መቋረጥ ተጽፏል። በሮዳ ዓምድ ላይ የሚወጣው የክረምት ሙላት አብዛኛው ከጣና፥ ከጮቄና ከወሎ ተራሮች የወረደ የእኛው ውሃ ነውና፥ ግብጻውያን ሳያውቁት የጎጃምን ክረምት መዝግበውልናል ማለት ይቻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ይህን መዝገብ መርምሮ፥ በ88 ዓመትና በ200 ዓመት ገደማ የሚመላለስ ቀስተኛ ከፍና ዝቅ አግኝቶበታል፤ በፀሐይም ዘንድ ይህን የመሰለ ረጅም ዙር ይታወቃል። ከዚህ የምንረዳው ፀሐይ በአባይ ላይ እጇ የለበትም ማለት እንደማይቻል ነው። ነገር ግን የ88 ዓመት ዙር ለመጪው ሰኔ ምን ይጠቅማል? የሰው ዕድሜ ራሱ ከዚያ አይደርስም።

ጎንደር በነገሠችበት ዘመን፥ ከዐፄ ፋሲል አንሥቶ እስከ ዐፄ ዮስጦስ፥ ማለት ከ1637 እስከ 1707 ዓ.ም. ገደማ፥ በፀሐይ ላይ ነቁጥ ከናካቴው የጠፋ እስኪመስል አንሶ ነበር። በአውሮፓ ያን ጊዜ ክረምቱ ብርቱ ስለ ነበር፥ ሁለቱን አያይዘው «ፀሐይ ደክማ አውሮፓን አበረደች» የሚሉ ሰዎች አሉ። ፀሐይ ድርሻ ነበራት፤ ነገር ግን ብርዱ ነቁጡ ከመጥፋቱ በፊት የጀመረ ከመሆኑም በላይ፥ በዚያ ዘመን ፈንድተው ሰማዩን በአመድ የሸፈኑ እሳተ ገሞራዎችም ነበሩ።

የፀሐይ ነገር እውነተኛ ታላቅ ሥራ የሠራው በሌላ መንገድ ነው። የዘመኑን ርዝመት ሊቃውንቱ በሚቈጥሩት ቈጥረን፥ ከ15,000 እስከ 5,500 ዓመት ገደማ በፊት ሰሐራ ሣር የለበሰ አገር ነበር። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ የተለወጠችው ፀሐይ አይደለችም። ምድር በዛቢያዋ እንደ እንዝርት ቀስ ብላ ስለምትዋዥቅ፥ ለፀሐይ የምትቀርብበት ወራት ከሰሜኑ በጋ ጋራ ገጥሞ፥ በዚያ ወራት የሚወርደው የፀሐይ ኃይል ከዛሬው ከ7 እስከ 8 ከመቶ በለጠ፤ ዝናብ አዘሉም ነፋስ ተከትሎት ወደ ሰሜን ዘለቀ። 8 ከመቶ ከአንድ ሺህ አንድ ጋራ ሲመዛዘን ምን ያህል እንደሚበልጥ አንባቢው ራሱ ያሰላዋል።

ነቁጥና ዝናብን በቀጥታ ያያያዘው ዝነኛው ምሳሌ ግን ያለው በሌላው የናይል ምንጭ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። እንግሊዛዊው ብሩክስ በ1923 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፥ ከ1896 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ነቁጥ ሲበዛ ሐይቁ ይሞላል፤ ነቁጥ ሲያንስ ሐይቁ ይጐድላል። ሁለቱን መስመሮች አንዱን በሌላው ላይ ብታኖራቸው መንታ ይመስሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው የናይልን ውሃ ፀሐይን አይቶ አስቀድሞ መናገር የሚቻል መሰለው። ከዚያ በኋላ ግን ዝምድናው ፈረሰ። ይባስ ብሎም ከ1961 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነቁጡ ወደ ዝቅታው ሲወርድ ሐይቁ ከ2 ሜትር በላይ ሞላ። እኔ በመምህርነቴ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በግምት ትክክለኛውን መልስ ይሰጥና ትምህርቱ የገባው ይመስላል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ሲመጣ ይታወቃል። በ27 ዓመት ውስጥ የፀሐይ ዙር ሁለት ጊዜ ብቻ ይሞላልና፥ ቪክቶሪያም ሁለት ጥያቄ ብቻ የመለሰ ተማሪ ነበረ።

ይህን ካነበብሁ በኋላ፥ የአገራችንን የችግር ዓመታት ከነቁጡ ዓመታት ጋራ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፍሁ። ከዚህ በታች ያለውን አንባቢ በቀስታ ይከታተለኝ።

አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቈየ ነው። የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ጨረሰ፤ ክረምቱ ከዳ፤ አንበጣና ተምች ተከተሉ። ነቁጥ እጅግ ያነሰበት ዓመት 1882 ነው። ቀጥሎም በ1905 ዓ.ም. ክረምት የአባይ ሙላት እጅግ አንሶ፥ የናይል ውሃ በመዝገብ ከታወቁት ዝቅተኞች ሁሉ ከመጨረሻዎቹ ተቈጠረ። ነቁጡም ዝቅ ያለው በዚያው በ1905 ነው! ሦስተኛ፥ በ1957 ዓ.ም. ዝናቡ በመጓደሉ በ1958 በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆነ፤ የነቁጡም ዝቅታ የ1957 መጀመሪያ ነበረ። እዚህ ድረስ የደረሰ ሰው «አገኘሁት» ብሎ ይነሣል፤ እኔም ለአንድ ማታ ያህል ተነሥቼ ነበር። ሦስት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ማን ይጠራጠራል? የሚገርመው ደግሞ፥ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የገበያው ወሬ በግልባጩ ሐሰት መሆኑ ነው፤ ረኃብ የሚመጣው ፀሐይ ስትፈላ ሳይሆን ስትቀዘቅዝ በሆነ ነበርና።

በማግሥቱ ግን ቀሪዎቹን ዓመታት ጻፍሁ። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በትግራይ ታላቅ ረኃብ ነበረ። በ1950 የነበረው የነቁጥ ብዛት፥ ቈጠራው ከተጀመረ ወዲህ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት ከፍታ ነው። በ1965 የወሎው ረኃብ በመጣ ጊዜ ፀሐይ ከ1961 ከፍታ ወርዳ ወደ 1968 ዝቅታ በመንገድ ላይ ነበረች፤ ከሁለቱም አይደለችም። በ1976 ክረምት ዝናቡ ቀርቶ በ1977 ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅም እንዲሁ በመንገድ ላይ ነበረች። በ2007 ክረምት ድርቅ ሆኖ፥ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ባስታወቀ ጊዜ፥ የነቁጡ ከፍታ ካለፈ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በመጨረሻም 2012 ዓ.ም. መጣ። ነቁጥ እጅግ ያነሰበት ያ ዓመት ልክ እንደ 1905 ድርቅ መሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን በዚያ ክረምት አባይ ሞልቶ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወጣ፤ ይህም ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው መዝገብ ያልታየ ነው። አንዲቱ ፀሐይ፥ በአንድ ዓይነት ዝቅታ፥ በ1905 አባይን አደረቀች፥ በ2012 ካርቱምን አጥለቀለቀች ልንል ነውን? ወረቀቱን አጥፌ አኖርሁት።

(ረኃብ የዝናብ ልጅ ብቻ እንዳይደለም አይዘነጋ። በ1965ም በ1977ም እህል በአገር ውስጥ ፈጽሞ ሳይታጣ፥ መንገድ በመጥፋቱ፥ በጦርነትና ነገሩ በመደበቁ የሞተው ብዙ ነው።)

ታዲያ የክረምታችንን ጠባይ ከዓመት ዓመት የሚለውጠው ምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በውቅያኖስ ነው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች የባሕራቸው ውሃ በአንዳንድ ዓመት በልደት ሰሞን እንግዳ ሆኖ ሲሞቅ አይተው፥ ለሕፃኑ ለክርስቶስ መታሰቢያ «ኤል ኒኞ»፥ ማለት ሕፃኑ፥ ብለው ሰየሙት። ይህ በሰላማዊው ውቅያኖስ መካከልና ምሥራቅ የሚመጣ ሙቀት በ2 ወይም በ7 ዓመት እንጂ በተወሰነ ዙር አይመላለስም። ውቅያኖሱ በዚያ ሲሞቅ አየሩ በዚያ ይወጣና፥ በእኛ በኩል ይወርዳል፤ የሚወርድ አየርም ደመናን አያሳድግም። በክረምት ወራት ከደቡብ ምዕራብ፥ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ጫካ እርጥበት እየተሸከመ ወደ ጎጃም የሚወጣው ነፋስም ይደክማል። በ1949 እና በ1950፥ በ1957፥ በ1964 እና በ1965፥ እንደዚሁም በ2007 እና በ2008 ኤል ኒኞ ነበረ። ከወረቀቴ ላይ ካሉት ዓመታት ስንቱ እንደ ገጠመ ይታይ። በአንጻሩ ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ «ላ ኒኛ» ይሉታል፤ ያን ጊዜ ክረምታችን ይበረታል። በ1980 ዓ.ም. አባይ ሞልቶ ካርቱምን ያጥለቀለቀው በእርሱ ዘመን ነው፤ በ2012 ክረምትም መግባት ጀምሮ ነበር። ይህም ቢሆን ያለ ጉድለት አይደለም። የ1976ቱ ድርቅ በኤል ኒኞ ዓመት አልነበረም፤ ለእርሱ የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ይጠቀሳል። ፀሐይ በ11 ዓመት ዙሯ ውቅያኖሱን ራሱን በጥቂቱ ትነካዋለች የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ ቢሆንም የእርሷ ድምፅ በባሕሩ ጩኸት መካከል የሚሰማ አይደለም።

ከላይ ያነሣሁት 1950 ዓ.ም. በሌላም ነገር የሚታወስ ዓመት ነው። በአዲስ አበባ የማግኔቱ መለኪያ ሥራ በጀመረበት ጊዜ ገደማ፥ አሜሪካዊው ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ፥ ከከሰልና ከነዳጅ ጢስ ጋራ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ መለካት ጀመረ። ያን ጊዜ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 315 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ፀሐይ ግን ከ1950 ወዲህ ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰችም። ያን ጊዜ የነቁጥ ቍጥሯ 285 ደርሶ ነበር፤ የልጅ ልጁ «ፈላች» ያለው የጥቅምት 2017 ከፍታ 161 ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ከነበረችበት ዝቅ ስትል ምድር ግን ሞቀች፤ ከ2011 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ከነበረው በ1.1 ዲግሪ በልጧል። ሌላም ምልክት አለ። ያሞቀችን ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ ይሞቅ ነበር፤ ነገር ግን ከታች ሲሞቅ ከላይ ቀዝቅዟል። ጋቢ የለበሰ ሰው ከጋቢው በታች ገላው ይሞቃል፥ ከጋቢው ውጭ ያለው አየር ግን ሙቀቱን ያጣል። ጢሱ የምድር ጋቢ ሆነ ማለት ነው። የሞቀ አየር ውሃ አብዝቶ ስለሚሸከም፥ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ቀን የሚያፈስሰው ይበረታል፤ ሲቀርም መሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል። ይህ የ11 ዓመት ዙር የለውም፤ አይመላለስም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌው በቀጠሮአችን ቀደሙኝ። ይህን ሁሉ እንዳለ ሳይሆን አጠር አድርጌ ነገርኋቸው፤ «አባቴ፥ በፀሐይ ነቁጥ ምክንያት በሬ አይሸጥም። ከወሬው ይልቅ ባሕሩን የሚያዩ ሰዎች የሚሉትን ይስሙ» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ከዚህ ከአባይ ሌላ ውሃ አላየሁም፤ ያን ሁሉ ባሕር ለእኔ ማን ያይልኛል?» ሲሉ ጠየቁ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የውቅያኖሶቹን ሙቀት አይቶ ትንበያ እንደሚያወጣና በሬዲዮ እንደሚነገር፥ ትንበያውም «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» የሚል ሳይሆን፥ ከመደበኛው በላይ፥ መደበኛ፥ ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉን በሦስት ከፍሎ የሚናገር መሆኑን አስረዳኋቸው።

«መደበኛ ማለት የማን መደበኛ ነው?» አሉኝ።

የ30 ዓመት አማካይ መሆኑን ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው «እኔ ሥልሳ ክረምት አርሻለሁ» አሉና ሬዲዮው የሚነገርበትን ሰዓት ጠይቀውኝ ሄዱ። በሰኔ ሚካኤል ማግሥት በማሳቸው ዳር ሳልፍ ሁለቱም በሬዎች ከቀንበሩ ሥር ነበሩ፤ ሽማግሌውም ከእርፉ ላይ እጃቸውን ሳያነሡ በራሳቸው ሰላምታ ሰጡኝ።